«ለማገዶ ነው?»

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጥርሴን ስፍቅ፣ የቢሮ ደረጃ ስወጣ፣ ሌሊት ስገላበጥ ያቺ ጥያቄ ትመጣብኛለች።

ነገሩ የጀመረው በፊከስ ነው። የመንገድ ዳሩ ችግኝ ሻጭ «የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው» ሲለኝ አለቀልኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ፣ ከሥሩ ተቀምጬ ጎረቤት ሳስታርቅ ታየኝ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ። ሁለተኛው ተሳፋሪ ግን መቀመጫ አላገኘም፤ ጭኔ ላይ ተቀምጦ፣ ጫፉን በመስኮት አውጥቶ ነው የሄደው። ደረጃውን እንዴት እንዳወጣሁት አልናገርም።

በሳምንቱ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ። ፊከስ ቦታና ብርሃን ሲቀየርበት ቅጠሉን የሚያራግፍ አኩራፊ ዛፍ መሆኑን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ዝም ቢሉት ይለምዳል። እኔ ግን ጠዋት ወደ መስኮት፣ ማታ ወደ ሶፋው፣ እሑድ ወደ በረንዳ አዞርኩት። በተረፈኝ ጊዜ ውኃ አጠጣሁት። ያውም የትኛውን ውኃ! በእኛ ሰፈር ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ክፍያው ግን አንድም ወር ቀርቶ አያውቅም። እንቅልፌን አጥቼ በጄሪካን የቀዳሁትን፣ እኔ በአንድ ኩባያ ፊቴን እየታጠብኩ፣ ለእሱ አፈሰስኩለት። ለካስ የላይኛው አፈር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይደርቅ ደጋግሞ ማጠጣት ሥሩን ማበስበስ ኖሯል።

በመጨረሻ አንዲት ቅጠል ቀረች።

ለዚያች ቅጠል የተደረገው ጥበቃ ለቤተ መንግሥት ይበቃ ነበር። በር በቀስታ ይዘጋል። መስኮት አይከፈትም። ታናሽ ወንድሜ ማስነጠስ ሲመጣበት ወደ ኮሪደር ይወጣል። ኳስ ስናይ ጎል ቢገባ እንኳ የምንጮኸው ትራስ ነክሰን ነው። ከቢሮ ስደውል የእናቴን ጤና የምጠይቀው ስለ ቅጠሏ ከሰማሁ በኋላ ነበር።

ቅዳሜ ጎረቤታችን እማማ ስኒ ሊዋሱ መጡ። የእሳቸው ጤና አዳም በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ተተክሎ፣ የስኒ እጣቢ እየተደፋበት፣ መተላለፊያውን ሞልቶታል። ዛፌን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እማማ፣ እባክዎ...» ብዬ ሳልጨርስ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ቅጠሏን ቀጠፏት። በሁለት ጣታቸው አሿት። ነጭ ወተት ጠብ አለ። አፍንጫቸው ሥር ይዘው አሸተቷት።

«ምንም አይሸትም» አሉና ጣታቸውን በሶፋዬ ጠርዝ ጠረጉ። «ታዲያ ለማገዶ ነው?»

ያን ሁሉ ዋርካ፣ ያን ሁሉ ሾላ፣ የሌሊቱን ውኃ መናገር ስችል ምን አልኩ? «አዎ» አልኩ። «አዎ እማማ፣ ለማገዶ ነው።»

ትናንት ማታ ከቅርንጫፉ ጫፍ ሦስት ለጋ ቅጠሎች ብቅ ብለው አየሁ። ከቦታው አልነካሁትም፤ ውኃም አላቀመስኩትም። እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ዛሬ ጠዋት በር ተንኳኳ። እማማ ናቸው። በነጠላቸው የተጠቀለለ መጥረቢያ ይዘዋል።

«ከልጄ ቤት አስመጣሁልህ» አሉ። «ስትጨርስ ትመልስልኛለህ።»

ተቀብዬ አመሰገንኳቸው።