ጋሼ ጠበቃው

ማክሰኞ ችሎት ውስጥ ስለነበርኩ ስልኬ ዝግ ነበር። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ ነው የምሠራው። ለምሳ ወጥቼ ስከፍተው ከባሕር ዳር 11 ጊዜ ተደውሏል። መልሼ ሳልደውል ገባኝ። ጋሼ አርፈዋል።

አገር ቤት ቀብር አይጠብቅም፣ በማግስቱ ተቀበሩ። እኔ በስልክ በተላከልኝ ቪዲዮ ነው ያየሁት። ፍርድ ቤቱ በር ላይ አቤቱታ የሚጽፉት ሰዎች ጥላቸውን አጥፈው ቆመዋል፣ ከዘጌ በጀልባ የመጡ አሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ችሎት ላይ ሲሟገቷቸው የኖሩ ዐቃቤ ሕግ ደግሞ አስከሬኑን ከተሸከሙት መሐል ነበሩ። እሳቸውን ሳይ አለቀስኩ።

ታናሽ ወንድሜ በ19 ዓመቱ የጀልባ ሞተር ሰርቀሃል ተብሎ ተከሶ ነበር። አንድ ምስክር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ከውሃው አፍ ሞተሩን ሲያነሳ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል። እማዬ ለጠበቃ የምትከፍለው ሳንቲም አልነበራትም። ጋሼ «እሱን ኋላ እንነጋገራለን» አሏት። ያ ኋላ ሳይመጣ ቀረ።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ሌሊት መጥተው ቀሰቀሱኝና ወደ ጣና ወረድን። ምስክሩ ቆሜበታለሁ ያለው ቦታ ላይ ቆሙ፣ እኔን ወደ ውሃው ዳር ላኩኝ። «የት ነህ?» ብለው ተጣሩ። «እዚሁ ፊት ለፊትዎ ነኝ!» አልኳቸው። አያዩኝም። ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ነው።

በማግስቱ መስቀለኛ ጥያቄ ሲጀምሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ወንድሜ፣ የት ነበር የቆሙት?»

«መንገዱ ላይ።»

«ወደ ውሃው ወርደው ነበር?»

«ኧረ አልወረድኩም።»

«ደንገሉ ያን ጊዜ ታጭዶ ነበር?»

«የለም፣ ቆሞ ነበር።»

«ከእርስዎ ይረዝማል ወይስ ያጥራል?»

ሰውየው ዝም አለ። ጋሼም ዝም አሉ። እንዲያ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፣ ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ «ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ብለው ተቀመጡ። ውሸታም መሆኑን ለምን አልነገሩትም ስላቸው «ተሳስቶ ይሆናል፤ ልጆች ያሉት ሰው ነው፣ ለምን አዋርደዋለሁ?» አሉኝ።

በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካልበቃ ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ በነጻ ይሰናበት ይላል። ወንድሜ በዚያ አንቀጽ ቤቱ ገባ። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን ያቺን ቁጥር እንደ ታቦት ስም ትጠራት ነበር።

እዚህ ከመጣሁ ወዲህ እሁድ እሁድ እደውልላቸዋለሁ። ስለ ኑሮዬ ትንሽ ይጠይቁኝና ወዲያው ወደ ችሎቱ ይገባሉ። የሰው ስም አልነግራቸውም፣ እሳቸውም አይጠይቁም። ከሁሉ የሚገርማቸው የጁሪው ነገር ነበር። በእኛ አገር የሚፈርደው ዳኛ ነው፤ እዚህ በከባድ ወንጀል 12 ተራ ሰው ተቀምጦ ሁሉም ካልተስማማ ጥፋተኛ ነህ ማለት አይቻልም።

«አንዱ እምቢ ቢልስ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«እምቢ ብሎ ከጸና ውሳኔ የለም። ዐቃቤ ሕጉ ከፈለገ እንደ አዲስ ይጀምራል።»

ትንሽ ቆዩና «አንድ ሰው እንዲህ ሲከበር ደስ ይላል» አሉ።

አስተርጓሚ ስሆን የሰጡኝ ምክር አንድ ነው። «ምስክሩ ዝም ሲል ዝምታውን እንዳትሞላው። እሱም ቃሉ ነው።» ችሎት በገባሁ ቁጥር ይሄ ጆሮዬ ላይ አለ። አበሻ ምስክር አንገቱን ደፍቶ ዝም ሲል፣ አፌ ላይ የመጣውን ቃል ውጬ አብሬው ዝም እላለሁ።

ባለፈው እሁድ ስለያዝኩት ክስ ስነግራቸው «ጁሪው ምን እንዳለ ሳትነግረኝ እንዳታድር» ብለውኝ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት 12ቱም ተመልሰው ገቡ። ሰውየው ነጻ ወጣ። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩና ቁጥራቸውን አወጣሁት። አገር ቤት እኩለ ሌሊት አልፏል። ቁጥራቸውን እያየሁ እዚያው ቆምኩ።