ቁጥር ያለው ሸራ

ቅጹ አጭር ነበር። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ስልክ፣ አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት ሰው። ቶሎ ቶሎ ሞላሁት። መጨረሻው አካባቢ አንዲት ሳጥን ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ክብደት» ትላለች።

የምመዘገበው ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ በነፋስ ውሃ ላይ ለመሄድ፣ ለዊንድሰርፊንግ ነው ወይስ ለቦክስ? ለዊንድሰርፊንግ ማኅበሩ ጸሐፊ ደወልኩ። ሴትየዋ ሳቁብኝ።

«የኔ ልጅ፣ የሁላችንም ቦርድ አንድ ነው፣ ሸራውም አንድ ነው። ነፋሱ ሲደክም ቀላል ሰው ጥሎህ ይሄዳል። ስለዚህ በክብደት እንመደባለን። እውነቱን ጻፍ እንግዲህ።»

የ43 ዓመት ሰው «የኔ ልጅ» ሲባል ደስ ይለዋል። ሳጥኗን ግን ባዶ ትቼ ላክሁት። እንዲያም ሆኖ ተቀበሉኝ።

ክላስ የሚባለው ነገር ለማያውቅ ሰው፦ አንድ ዓይነት ቦርድ የሚነዱ ሰዎች ተሰብስበው የሚተዳደሩበት ነው። ቦርዱ ምን ያህል መሆን እንዳለበት፣ ሸራው ላይ ምን መቀየር እንደማይቻል የሚናገር የራሱ ደንብ አለው። ዓለም አቀፍ ማኅበር አለው፣ በየአገሩ ደግሞ ብሔራዊ ማኅበር። እኔ የገባሁት የዊንድሰርፈር ክላስ ነው። ስሙ ስፖርቱን የሚመስለው የስፖርቱ ስም የመጣው ከእሱ ስለሆነ ነው። ሆይል ሽዋይዘርና ጂም ድሬክ እ.ኤ.አ. በ1968 የፈጠራ መብት የጠየቁበት የዚያ ቦርድ የልጅ ልጅ በሉት። ሸራው 5.7 ካሬ ሜትር ነው፣ ለአንደኛውም ለመጨረሻውም።

ጓደኞቼ «ለምን የኦሊምፒኩን አትይዝም?» አሉኝ። ኦሊምፒክ ዊንድሰርፊንግን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ከዚያ እስከ 2024 ድረስ ስድስት ዓይነት ቦርድ ቀያይሯል። የመጨረሻው ከሥሩ ባለው ፎይል በሚባል ክንፍ ከውሃው በላይ ተነሥቶ የሚበር ነው። ማየቱ ያምራል። እኔ ግን ጉልበቴንም ኪሴንም አውቃለሁ። ዕቃ የማልገዛበት፣ ስሸነፍ ደግሞ በዕቃ የማላመካኝበት ክላስ ነበር የምፈልገው። ሁለተኛው ጥቅም እንደሚያም ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከሳምንታት በኋላ የሸራ ቁጥሬ ደረሰ። ቀላል ነገር ይመስላል። ለ11 ዓመት ውሃ ላይ ማንም የማያውቀኝ ሰው ነበርኩ፤ አሁን ዳኛ ከሩቅ በባይኖኩላር አይቶ «እሱ ነው» የሚለኝ ሰው ሆንኩ። የሚለጠፉትን ጥቁር ቁጥሮች ይዤ ሸራውን ሳሎን ወለል ላይ ዘረጋሁ። በአንድ በኩል ለጠፍኩ። ገለበጥኩት፤ የመጀመሪያዎቹን በብርሃን እያየሁ በሁለተኛው በኩል ልክ በላያቸው ላይ ለጠፍኩ። በጣም ጠንቅቄ! አንድ ሚሊሜትር እንኳ አልሳትኩም።

በማግስቱ ውሃ ዳር ሸራውን ሳቆመው ፀሐይ ከጀርባው መጣች። የዚህኛው በኩል 7 እና የዚያኛው በኩል 7 ተደርበው ሰዓት ጠቋሚ መሰሉ። አጠገቤ የምትለማመደው የ16 ዓመት ልጅ አየችና «ጋሼ፣ የማን አገር ፊደል ነው?» አለችኝ። ለካ ደንቡ ላይ ተጽፏል፦ ቁጥሮቹ የሚለጠፉት ብርሃን በማያሳልፍ ነጭ ላይ ነው። ቁጥሮቹን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሁ ስነቅል አንድ ምሽት ሙሉ ሄደ። የማጣበቂያው ጥላ እስከ ዛሬ አለቀቀም።

እሱ ይሁን። ያስደነገጠኝ ልምምዱ ነው።

እኔ ጥሩ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ነፋሱን በጎን እየተቀበልኩ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። በፍጥነት እሄዳለሁ፣ ስዞርም አልወድቅም። ውድድር ግን የመጀመሪያውን ተንሳፋፊ ምልክት የሚያስቀምጠው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ነው። ቀጥ ብሎ ወደዚያ መሄድ አይቻልም። ወደ ግራ በሰያፍ፣ ወደ ቀኝ በሰያፍ እያሉ መውጣት ነው። ከመሃል ወደ ውሃው የሚወርደውን፣ ዳገርቦርድ የሚባለውን ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ አውርደህ፣ ቦርዱን በጠርዙ አጋድመህ፣ ሸራውን ወደ ኋላ ጋደም አድርገህ። በጣም ወደ ነፋሱ ከጠጋህ ትቆማለህ። ከራቅህ ፍጥነት ታገኛለህ፣ ግን ከፍ አትልም። ልጅቷ ከእኔ እኩል ተነሥታ፣ ከእኔ ቀስ ብላ እየሄደች፣ ምልክቱ ጋ ስደርስ ዞራ ስትመለስ አገኘኋት። እኔ እየፈጠንኩ የሄድኩት ወደማያስፈልግ ቦታ ነበር።

ሁለተኛው ጉድ መነሻው ነው። ሩጫ ላይ መስመሩ ላይ ቆመህ ትጠብቃለህ። እዚህ ማን ይቆማል? አምስት ደቂቃ ሲቀር የክላሱ ባንዲራ ይወጣል። አራት ሲቀር የዝግጅቱ ባንዲራ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ መሃሉ ነጭ ካሬ ያለበት፣ ይወጣል። አንድ ደቂቃ ሲቀር እሱ ይወርዳል። ዜሮ ላይ የክላሱ ባንዲራ ይወርዳል፤ በቃ፣ ሂድ። ጥሩንባም ይነፋል፣ ግን ሰዓቱ የሚቆጠረው በባንዲራው ነው። ጥሩንባው ባይሰማ እንኳ ምክንያት አይሆንም።

የልምምድ ውድድር ላይ 12 ነበርን። 40 ሰከንድ ሲቀር መስመሩ ጋ ደርሻለሁ። ምን ላድርግ? ሸራውን ለቀቅሁት፤ ቦርዱ ግን መንሸራተቱን አልተወም። ስገፋው፣ ስጎትተው፣ ከመስመሩ አለፍኩ። ነጭ ላይ ሰማያዊ መስቀል ያለበት ባንዲራ ወጣ። ይህ «ቀድሞ የወጣ አለ፣ ይመለስ» ማለት ነው። እኔ ስለ ሌላ ሰው መስሎኝ ቀጠልኩ። እንዲያውም አራተኛ ሆኜ ጨረስኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ነጥቤ 13 ሆኖ ተጻፈ፤ የተመዘገቡት ቁጥር ሲደመር አንድ። ቤቱ ተኝቶ የቀረ ሰው የሚያገኘው ነጥብ ነው። በዚህ ጨዋታ ነጥብ ሲያንስ ነው የሚሻለው።

ከዚያ ወዲህ ፍጥነት መለማመድ ትቻለሁ። ሁለት ባዶ ጀሪካኖች በድንጋይ አስሬ ውሃው ላይ ጣልኳቸው። ያ መስመሬ ነው። ሰዓቴን ሦስት ደቂቃ ላይ አስይዤ መቆም እለማመዳለሁ። ሸራውን በተቃራኒ ገፍቶ ቦርዱን ማቆም ይቻላል፤ ትከሻ ግን ይፈልጋል። ከሩቅ የሚያየኝ ሰው ይህ ሰውዬ ነፋስ እያለ ለምን አይሄድም ሳይል አይቀርም።

ማታ ማታ ደንብ አነባለሁ። የሸራ ስፖርትን በዓለም ደረጃ የሚመራው ወርልድ ሴሊንግ በየአራት ዓመቱ ያድሰዋል፤ የአሁኑ እ.ኤ.አ. ከ2025 እስከ 2028 ነው። ለዊንድሰርፍ የተለየ አባሪ ክፍል አለው። ከባድ ንባብ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል። ዋናው ነገር ግን ሁለት ሰዎች ተቃራኒ ሰያፍ ይዘው ሲገናኙ ማን ይለቃል የሚለው ነው። ነፋሱን በግራ ጎኑ የተቀበለው ይለቃል። ሸራ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ግራና ቀኝ የሚያስብ ማን አለ? ይህንንም ያስተማረችኝ ልጅቷ ናት። «ጋሼ፣ እጅዎን ይዩ። ወደ ምሰሶው የቀረበው ቀኝ እጅዎ ከሆነ መንገዱ የእርስዎ ነው፤ ‹ስታርቦርድ!›፣ ቀኝ ማለት ነው፣ ብለው ይጩኹ። ግራው ከሆነ ሽሹ።» ጥፋት ከሠራሁ ደግሞ ከሰው ራቅ ብዬ አንድ ሙሉ ዙር መዞር አለብኝ። ዙሩን ተለማምጃለሁ፤ ከአራት አንዱ ላይ እወድቃለሁ።

የመጀመሪያ ውድድሬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሦስተኛ ወገን መድን ገብቻለሁ፣ ዕቃዬም ፍተሻውን አልፏል። ትናንት ከጀሪካኖቹ መሃል አምስት ጊዜ ተነሣሁ። ሁለቱ ቀደሙ፣ ሁለቱ ዘገዩ። አንዱ ግን፣ አንዱ ልክ ዜሮ ላይ፣ ሙሉ ፍጥነት ይዤ። ማንም አላየኝም እንጂ።

የውድድሩ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ቅጹን ከፍቼ ሞልቼዋለሁ። ስም አለ፣ የሸራ ቁጥር አለ። ያቺ ሳጥን ግን ዘንድሮ ባዶ ከሆነች «ላክ» የሚለው ቁልፍ አይሠራም። ሚዛኑ መታጠቢያ ቤት ነው። ነገ ጠዋት፣ ቁርስ ሳልበላ።