ባቱ ደርሼ ጀልባው አመለጠኝ

ጅማ ላይ ውኃ ብርቅ አይደለም። የቧንቧውን ተዉት፣ እኔ የማወራው ስለ ሌላው ነው። አዌቱ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ቦዬ ረግረግ የወረደ ሰው ዕድሉ ከቀናው ጉማሬ አይቶ ይመለሳል። ዝናቡማ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው። ግን ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣ በልቼ አላውቅም ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ። የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ሳባዛና ስጠርዝ እውላለሁ። አንድ ቀን ስለ ዝዋይ ሐይቅ የተጻፈ ነገር እያተምኩ ማሽኑ ወረቀት ያዘና ቆመ። እስኪስተካከል ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። የሐይቁ ስፋት 440 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 9 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። «ይሄማ ሐይቅ ሳይሆን ትሪ ነው» አልኩት ባለ ወረቀቱን ልጅ። ሳቀና «ሄደህ እየው» አለኝ። በዚያው ልቤ ተነሳ።

ለእናቴ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ምን ይዘህ ትሄዳለህ?» ማንንም አላውቅም ብላትም አልሰማችኝም። ግማሽ ኪሎ ያልተቆላ ቡና ቋጥራ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተች። ከጅማ ባዶ እጅ አይወጣም አለች። እኔ ደግሞ በልማዴ ጃንጥላና ጃኬት ያዝኩ። አጎበር መያዝ የነበረብኝ ሰውዬ።

ቀጥታ የሚወስድ መኪና ስላላገኘሁ በአዲስ አበባ ዞርኩ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ሐይቁ ዳር ያለችው ከተማ፣ ባቱ ደግሞ ወደ 160። መንገዱ ሰላም መሆኑን ዋዜማው ላይ መነሐሪያ ሄጄ ሾፌሮች ጠየቅኩ። ይሄንን ማንም ሰው እንዲያደርግ እመክራለሁ፣ ከስልክ ወሬ የሾፌር ወሬ ይሻላል። አርብ ሲነጋ ተነስቼ አዲስ አበባ አደርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከቃሊቲ ተሳፈርኩ። ከተማዋ በወረቀት ባቱ ናት። ረዳቱ ግን «ዝዋይ! ዝዋይ! አንድ ሰው!» እያለ ነው የሚጮኸው። ሰዉም እንደፈቀደው ሁለቱንም ይላል።

መቂን አልፈን ብዙም ሳንቆይ የአበባ እርሻዎቹ ፕላስቲክ ቤቶች ታዩ። አምስት ሰዓት ላይ ገባሁ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው የተቀበለኝ። የሚገርመው፣ የባቱ ከፍታ 1640 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከጅማ ብዙም አይርቅም። አየሩ ግን ደረቅ ነው፣ ጥላም የለም። ጃንጥላዬን ለፀሐይ ዘረጋሁት። አንድ የባጃጅ ሹፌር አይቶ «ሐጂ፣ ዝናብ መጣ እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ።

ዋናውን ስህተት የሠራሁት እዚህ ጋ ነው። አልጋ ያዝኩ። ታጠብኩ። ምሳ በላሁ። ትንሽ ጋደም አልኩ። ሐይቁ የትም አይሄድም ብዬ ነው። በሩ ላይ አንድ ልጅ አገኘኝና ጀልባ እንዳለው ነገረኝ። ቱሉ ጉዶ የሚባለው ደሴት ወስዶ ይመልሰኛል፣ ችግር የለም፣ ቀብድ ብቻ ስጠኝ አለ። አምስት መቶ ብር ሰጠሁት። ያንን ልጅ እስካሁን አላየሁትም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ስደርስ ጀልባዎቹ ታስረው ቆመዋል። ውኃው ቡናማ ነው፣ እየዘለለ ከድንጋዩ ጋር ይጋጫል። አንድ ጎልማሳ ጀልባ ነጂ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫት ይቀነጥባል። ወደ ደሴት መሄድ እፈልጋለሁ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ዛሬ?»

«አዎ፣ አሁን።»

«ወንድሜ፣ ጠዋት የት ነበርክ?»

አስረዳኝ። ጠዋት ሐይቁ ተኝቶ ነው የሚያድረው። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይብሳል። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ቶሎ ይቆጣል፣ ጭቃውንም ከሥር ያነሳል። ያኔ ነው ትሪው ትዝ ያለኝ። ትሪ ላይ ውኃ ይዛችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እንስራ የሚችለውን መንቀጥቀጥ ትሪ አይችልም። ያነበብኩትን ቁጥር ለቀልድ ተጠቀምኩበት እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩም ነበር።

«ነገ 12 ሰዓት ና» አለኝ። «ቀብድ አልፈልግም። ስትሳፈር ትከፍላለህ።»

በጣም ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ግን የጉዞዬ ምርጡ ነገር የዚያ ቀን ከሰዓት ነው። ምንም የማደርገው ስላልነበረኝ ቁጭ አልኩ።

ዓሣ የሚበልቱ ልጆች ነበሩ። አንደኛው አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከእንጨት በተሠራች ጠባብ መደብ ላይ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ በግራ እጁ ይይዛል። ቢላዋውን ከጆሮ ግንዱ ኋላ ያስገባና አጥንቱን ተከትሎ እስከ ጭራው አንዴ ይስበዋል። ይገለብጠዋል፣ ያኛውንም ጎን እንዲሁ። ከዚያ ሥጋውን ቆዳውን ወደ ታች አድርጎ ያስተኛና በቢላዋው ጠርዝ ገፋ ሲያደርገው ቆዳው እንደ ስቲከር ተላቆ ይቀራል። አንዱን ዓሣ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ሳያይ ወደ ኋላው ይወረውራል። ከኋላው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈዋል፣ ራሰ በራ፣ ትከሻቸውን አጥብበው፣ ልክ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ጡረተኛ። አንድም አጥንት መሬት አትነካም።

ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር ሥራ በዝቶባቸዋል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም። ገበያው ግን መልሱን ያውቃል፣ በጾም ዋጋው ይወጣል። ርካሽ ዓሣ እበላለሁ ብሎ በሁዳዴ የሚሄድ ሰው ካለ፣ እኔን ይየኝ። ልጁን አምባዛውስ የታለ አልኩት። ራቅ ያለ ክምር አሳየኝ። «እሱ ቅርፊት የለውም፣ ብዙ ሰው አይበላውም» አለ። «አንተስ?» አልኩት። ዙሪያውን አይቶ ሳቀና ዝም አለ።

እዚያው ቡና የምታፈላ እናት ነበረች። ሁለት ስኒ ከጠጣሁ በኋላ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ከጅማ አልኳት። ጀበናዋን አስቀመጠች።

«ከጅማ መጥተህ የኔን ቡና ትጠጣለህ? አታፍርም?»

የእናቴ ቋጠሮ ትዝ አለኝ። አውጥቼ ሰጠኋት። ከፍታ አሸተተች፣ ጥቂት በመዳፏ ዘግና አየች፣ የተሰበረውን በጣቷ ለየች። «እናትህ ናት የለቀመችው፣ አንተ አይደለህም» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች አልገባኝም። እዚያው አጥባ ቆላችው። ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ሽታው ስቧቸው መጡ። ከዚያ በኋላ እንግዳ መሆኔ ቀረ። የዓሣ ዱለት የት እንደሚጣፍጥ፣ ለጀልባ ስንት መክፈል እንዳለብኝ፣ ማንን ማመን እንደሌለብኝ ሁሉ ያወቅኩት ከዚያ ረከቦት ዙሪያ ነው። ቀብዴን የበላውን ልጅም በመልኩ ነግሬያቸው አወቁት። ለሁሉም ሰው እንዲሁ ነው አሉኝ፣ እንዲያውም አንተን በርካሽ ለቆሃል።

ያቺ እናት ከአንድ ሌላ ስህተትም አድናኛለች። ሲመሽ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ውኃው ውስጥ ልነክር ስል ከሩቅ ጮኸችብኝ። ዳር ዳሩ ላይ፣ ቄጠማው አካባቢ፣ ቢልሃርዝያ አለ። ትሏ የምታድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፣ ወደ ሰው የምትገባው ደግሞ በቆዳ በኩል ነው። የእኛ አገር ሐይቅ ላይ ስንሄድ ሁላችንም ጉማሬውን ነው የምንፈራው። የማይታየውን ማንም አይነግርህም። ሌሊቱን ደግሞ ያለ አጎበር ከወባ ትንኝ ጋር ስከራከር አደርኩ።

እሑድ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ሐይቁ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ዝም ብሏል። ጀልባው ላይ ስድስት ሰዎች ነበርን። ዕቃ ገዝተው የሚመለሱ ሁለት የደሴቱ ሴቶች፣ አንድ ዲያቆንና ከአዳማ የመጡ ጥንዶች። ብቻዬን ብከራይ ኖሮ የሙሉ ጀልባ ሒሳብ እከፍል ነበር። ተካፍለን አንድ ስድስተኛውን ከፈልኩ። የአንድ ቀን ጥበቃ ያን ያህል ዋጋ አለው። ላይፍ ጃኬት ጠይቄ ለበስኩ፣ ሴቶቹ ሳቁብኝ፣ ይሳቁ።

ሁለቱ ሴቶች እርስ በርስ ሲያወሩ ጆሮዬን ጣልኩ። ጅማ ሥልጤ ጓደኛ አለኝ፣ ቤታቸው ስለማዘወትር አንዳንድ ቃል አውቃለሁ። እዚህም እዚያም የማውቀው ቃል የሰማሁ መሰለኝ። ሥልጤኛ ነው ወይ ብዬ ዲያቆኑን ጠየቅኩት። ዛይኛ ነው አለኝ። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ፣ ቋንቋቸው ከሥልጤኛና ከሐረሪኛ ጋር ዘመድ ነው። ከውኃው መሃል ሐረርና ሥልጤን የሚያዛምድ ቋንቋ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። አምስት ደሴቶች አሉ፣ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላ፣ ፈንዱሮ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ስለሆነ ለጅማ ልጅ ትርጉም አያስፈልገውም።

አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሄድን። ከቄጠማ መሰል ተክል በታሰረ ጀልባ ላይ ብቻውን ቆሞ የሚቀዝፍ ሰውዬ አለፍን። ውኃውና እሱ እኩል ከፍታ ላይ ያሉ ነው የሚመስሉት። ነጂያችን ሞተሩን ቀነሰለት፣ ማዕበላችን እንዳይገለብጠው።

ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ሽቅብ መንገዱ አጭር ነው፣ ፀሐዩ ግን አጭር አይደለም። ቅዳሴ ሊያልቅ ሲል ደረስን። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው እዚህ ደሴት ላይ አስቀምጠዋታል። አንድ አባት የብራና መጻሕፍቱን አሳዩን። ፎቶ ለማንሳት ስልኬን ሳወጣ «መጀመሪያ በዓይንህ እየው» አሉኝ። አየሁ። ቀዩ ቀለም ትናንት የተጻፈ ይመስላል። እኔ በቀን አንድ ሺህ ገጽ የማትም ሰው ነኝ። ቀለሜ ፀሐይ ላይ አንድ ወር ከቆየ ይደበዝዛል። አባን ቀለሙ ከምን እንደሚሠራ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፣ ግን ጥንዶቹ ፎቶ ፎቶ እያሉ ጨዋታውን ወሰዱት። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

አምስት ሰዓት ላይ ነጂው እንውረድ አለ። ጥንዶቹ ትንሽ እንቆይ ሲሉ እኔ ነኝ የተቆጣሁት። በአንድ ቀን የሐይቅ አዋቂ ሆኛለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ነፋሱ ደረሰብን። መጀመሪያ ውኃው ቆዳው ሽብሽብ አለ። ከዚያ ፊቴ ላይ ተረጨ። ከዚያ ማንም አላወራም። ወደቡ ላይ ስንወርድ ጃኬቴ ተጨምቆ ውኃ ይወጣው ነበር፣ ስልኬን ያዳነው የእናቴ የቡና ፌስታል ነው።

ሒሳቤን ሳየው የሳትኩት ቀኑን ነው። ቅዳሜና እሑድ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ከጅማ ለሚነሳ ሰው አይበቃም፣ አራት ቀን ያስፈልጋል። ዳግም ብሄድ አርብ ማታ ባቱ ገብቼ አድራለሁ፣ ቅዳሜ ከነጋ ውኃው ላይ እሆናለሁ፣ ከሰዓቱን ለቡናና ለዓሣ እተዋለሁ። ሰኞ ሱቄ ተዘግቶ ዋለ። መመረቂያ የሚያስጠርዙ ተማሪዎች በሩ ላይ ቆመው ደወሉልኝ፣ አንዷ ልታለቅስ ደርሳለች።

የደወሉልኝ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው። አባይ ማዶ የሄድኩ ያህል ደክሞኛል። ጊቤን ተሻግረን ሰኮሩን አልፈን፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ከርቀት የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ታየ። በ1996 ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት አዲስ አበባ ስመላለስ እዚህ ቦታ ላይ እንቅልፌን ነው የምተኛው። አጠገቤ ያሉትን አባባ መስኮቱን ትንሽ ቢከፍቱልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«ምን አየህ ልጄ?»

«ነፋሱ ተነስቷል ወይ ብዬ ነው።»

አባባ ውኃውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መስኮቱን መልሰው ዘጉት። ተነስቶ ነበር።