ክሩ ቦታ ቀየረ

መጀመሪያ የፎጣ ክር መስሎኝ ነበር። አኳሪየሙን የምወለውለው በአሮጌ ፎጣ ነው፤ መስታወቱ ላይ ነጭ ነገር ሳይ «ደግሞ ጣልኩበት» ብዬ አለፍኩ። በማግስቱ ክሩ ሌላ ቦታ ተለጥፏል።

አኳሪየም ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ባሕር ዳር መስኮት የሚሠራ ልጅ በሲሊከን ያጣበቀልኝ፣ 60 ሊትር የማይሞላ ሣጥን ነው። ውስጡ አራት የቀረሶ ጫጩቶች፣ አሸዋ፣ ከጣና ዳር ከደንገሉ ሥር ነቅዬ ያመጣሁት ተክል አለ። እንግዳው የመጣው ከተክሉ ጋር መሆን አለበት።

እማዬ አየችና «አልቅት ነው፣ ድፊው!» አለች። አልቅትማ አውቃለሁ። ይሄኛው አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ጫፉ ላይ ስድስት ቀጫጭን ጺሞች አሉት። በስንጥር ነካ ሳደርገው ኩምትር ብሎ ጤፍ አከለ። ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ ተዘርግቶ ጠበቀኝ።

ወንድሜ ጅዳ የጌጥ ዓሣ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ የጨው ውኃ ገንዳ ሲያጸዳ ይውላል። ቪዲዮ ላኩለት፤ ወዲያው ደወለ።

«አይፕታዚያ! ጉድሽ ፈላ!»

አይፕታዚያ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ወደ ባሕር አኳሪየም የሚገባ፣ ኮራሉን የሚናደፍ ትንሽ አኒሞን (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ነው። ሲነቅሉት ከቀረችው ቁራጭ ሌላ ይበቅላል። ወንድሜ ስሙን ሲጠራ ራሱ ይቆጣል።

«እኔ ጋ እኮ ጨው የለም» አልኩት።

ዝም አለ። «እስቲ ክንዶቹን ቁጠሪ።»

«ስድስት።»

«የኔዎቹ ተቆጥረው አያልቁም። ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም።»

ዘመዱ ሲል በራልኝ። የኮራል፣ የአኒሞንና የጄሊፊሽ ዘመድ ሆና ጨው በሌለው ውኃ የምትኖር... ሃይድራ! ሃይስኩል ስንቴ ሥያታለሁ! ጺሟን፣ አፏን፣ ከጎኗ የምታበቅለውን ቡቃያ ሳይቀር። ሙሉ ማርክ አግኝቼባታለሁ። ግን ደብተሬ ላይ ገጹን ሞልታ ነበር፤ ክር ታክላለች ያለኝ መምህር የለም።

ጥፋቴንም ልናገር። ገና ቪዲዮውን ሳልክለት፣ መስታወቱ ላይ ካየኋቸው ሁለቱን በምላጭ ፍቄያቸዋለሁ። ቁርጥራጩ እዚያው ውኃው ውስጥ ቀረ። አብርሃም ትረምብሌ የሚባል የስዊስ ሰው በፈረንጆቹ 1740ዎቹ ይሄንኑ ሆን ብሎ አድርጎት፣ አንዷን ለሁለት ቢቆርጣት ሁለት ሙሉ ሆነውለታል። ስሟም የመጣው አንድ ራሷ ሲቆረጥ ሁለት ከምታበቅለው የግሪኮች ተረት እባብ ነው። እኔ ያለ ምንም ምርምር እዚያው ደረስኩ።

ወንድሜ «እኛ ጋ አይፕታዚያን የሚበላ ሽሪምፕ አለ» ይላል። የባሕር ሽሪምፕ ጣና ውኃ ውስጥ ምን ሊሠራ? ይልቅ የዓሦቹን ምግብ ቀነስኩ፤ ትርፍራፊው ሲበዛ ሃይድራ የምትበላቸው ጥቃቅን ነፍሳት ይፈላሉ። ገና የተፈለፈለ ዓሣ ቢኖረኝ እሰጋ ነበር፤ የኔዎቹ ግን ጣቴን አክለዋል፣ ምንም አታደርጋቸውም።

ዛሬ ጠዋት ቆጠርኩ፤ 11። አንዷ ጎኗ ላይ ሁለት ቡቃያ ይዛለች። እማዬ አሁንም አልቅት ነው ባይ ናት።