አልትራቫዮሌት መብራት ከመብራቱ በፊት ያለው ሥራ

በአሜሪካ ሆስፒታሎች በጽዳት ሥራ የተሰማራን ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም። ታካሚ ወጥቶ ክፍሉ ለሌላ ሰው ሲዘጋጅ እየተገፋ ስለሚገባው፣ ረጃጅም አምፖሎች ዙሪያውን ስለቆሙበት፣ ዓይን በማያየው የአልትራቫዮሌት ጨረር ተህዋስያንን ስለሚያጠፋው መሣሪያ በአማርኛ መጻፍ ተገቢ መስሎ የታየኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ለአዲስ ሠራተኛ የሚሰጠው ማብራሪያ አንዳንድ ጊዜ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን በማሳየት ያበቃል፤ እኔ ግን ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ያለው ሥራ ይበልጣል ባይ ነኝ።

በብዛት የሚሠራባቸው መሣሪያዎች አምፖላቸው ሜርኩሪ ያለበት ሲሆን፣ የሚወጣው ጨረር የሞገድ ርዝመት 254 ናኖሜትር ገደማ ነው። ጨረሩ የተህዋስያንን የዘር ቅንጣት ስለሚጎዳ መራባት ያቅታቸዋል። ከፀሐይ የሚነሣው የዚህ ዓይነት ጨረር በኦዞን ንጣፍ ተይዞ ስለሚቀር ምድር ላይ አይደርስም፤ መሣሪያው ግን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይለቀዋል፤ ያገኘው ነገር ተህዋስ ይሁን የሰው ዓይን አይለይም። ያለ መከላከያ መነጽር ብየዳ ሲሠራ የዋለ ሰው ሌሊቱን ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁረውና ሲያነባ እንደሚያድር ብዙዎቻችን እናውቃለን። የዚህ መብራት ጉዳትም ያው ሕመም ነው። ክፋቱ በዚያው ቅጽበት አለመሰማቱ ላይ ነው፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ስለሚመጣ፣ በሩን ከፍቶ ለአፍታ የገባ ሰው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ነገም ይደግመዋል።

ልኩን በቁጥር ማየት ይረዳል። ለዚህ የሞገድ ርዝመት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ዓለም አቀፍ የጥንቃቄ ወሰን በ8 ሰዓት ውስጥ በካሬ ሴንቲሜትር 6 ሚሊጁል ነው። በቆሙበት ቦታ በካሬ ሴንቲሜትር 200 ማይክሮዋት፣ ማለትም በየሴኮንዱ 0.2 ሚሊጁል የሚያደርስ መሣሪያ ቢኖር፣ የሙሉ ቀኑ ድርሻ በ30 ሴኮንድ ያልቃል ማለት ነው። «ዕቃ ረስቼ ነው፣ አሁን እወጣለሁ» የሚባልበት ጊዜ ከዚህ አያንስም።

ስለዚህ ዋናው ጉዳይ በር ነው። ከኮሪደሩ የሚገባበትን በር ዘግቶ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ማንም አይረሳውም። የሚረሳው መታጠቢያ ቤቱን ከጎረቤት ክፍል ጋር የሚያገናኘው ሁለተኛው በር ነው፤ በዚያ በኩል ያለው ታካሚ ስለ እኛ መብራት የሚያውቀው ነገር የለም። መሣሪያው እንቅስቃሴ ሲያይ ራሱን የሚያጠፋ ሴንሰር ሊኖረው ይችላል፤ ሆኖም ሴንሰሩ የሚከታተለው እንቅስቃሴን እንጂ ሰው መኖሩን አይደለም። ከመጋረጃ ጀርባ ያለን ወይም ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደውን አስታማሚ ላያይ ይችላል። መጋረጃውን ገልጦ፣ መታጠቢያ ቤቱን ገብቶ አይቶ፣ ከዚያ ወጥቶ ከውጭ ማብራት የሠራተኛው ኃላፊነት ነው፤ ለሴንሰር የሚተው ሥራ አይደለም። የተለመደው የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ስለሚያግድ፣ በመስታወቱ በኩል ሰማያዊውን ብርሃን ያየ ሰው መደንገጥ የለበትም። ክፍት የቀረ በር ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጽዳቱ ነው። ጨረሩ በቀጥታ ያላየውን በአግባቡ አያጸዳም፤ የደረቀ ደም ወይም አቧራ ያለበት ቦታ ላይ ከቆሻሻው በታች አይደርስም፤ ከአልጋው በስተጀርባ ያለው ጥላ ውስጥም አቅሙ እጅግ ይቀንሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርታት ወደ ሩብ ሊወርድ ይችላል። በእጅ ከተወለወለ በኋላ መሳቢያው ይከፈታል፣ የነርስ መጥሪያውና የቴሌቪዥኑ ሪሞት ትራስ ሥር ከመቅረት ወጥተው ብርሃን በሚያገኙበት ይቀመጣሉ፣ መሣሪያውም መጀመሪያ በአልጋው በአንዱ ጎን ከዚያም በሌላው ጎን ይቆማል። ጊዜ ለመቆጠብ በአንድ ቦታ ብቻ አቁሞ መጨረስ የክፍሉን ግማሽ እንደመተው ነው።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በዘጠኝ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በተለመደው ኬሚካል ከተጸዳ በኋላ ይህ መብራት ሲጨመርበት፣ ወደ ክፍሉ ቀጥለው በሚገቡ ታካሚዎች ላይ መድኃኒት የተላመዱ ተህዋስያን መተላለፋቸው 30 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ሲ ዲፍ የሚባለው ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ያለባቸው ታካሚዎች በነበሩባቸው፣ በበረኪና በሚጸዱት ክፍሎች ላይ ግን መብራቱ ሲጨመር ይህ ነው የሚባል ተጨማሪ ጥቅም አልታየም። መሣሪያው የሚያግዝ እንጂ ጨርቁንና ባልዲውን የሚተካ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ «ሮቦት ስላለ ሰው ይቀነስ» የሚል አለቃም ይህን ውጤት ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ከአገር ቤትም መሣሪያው በእርዳታ መጥቶልናል፣ እንዴት እንጠቀምበት የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። መብራት በመሃል ከጠፋ ክፍሉ የሚገባውን የጨረር መጠን ስላላገኘ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይደረግ። አምፖሉ ስለበራ ብቻ ይሠራል አይባልም፤ እያረጀ ሲሄድ ሰማያዊው ብርሃን እንዳለ ሆኖ ጨረሩ ይደክማል፤ በመሆኑም የበራበት ሰዓት ይመዝገብ፣ አምራቹ በወሰነው ጊዜም ይለወጥ። አምፖሉ በባዶ እጅ አይነካ፤ ሲወለወልም መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎና ቀዝቅዞ፣ በጓንት ይሁን።

በኮሮና ወቅት ለቤት ተብለው ስለተሸጡት ትንንሽ መብራቶች ብዙ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እጅንም ሆነ ሌላ የሰውነት ቆዳን በእነርሱ ማጽዳት እንደማይገባ በግልጽ አስታውቋል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ጭራሽ ባይገቡ እመርጣለሁ። አምፖል ከተሰበረ ሜርኩሪው ስለሚተን ሰው ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ፤ መስኮት ተከፍቶ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ስብርባሪው በወፍራም ወረቀት ተሰብስቦ፣ ደቃቁም በሚያጣብቅ ፕላስተር ተነሥቶ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይታሸግ። በመጥረጊያም ሆነ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ አይነካ፤ ከተራ ቆሻሻ ጋርም አይጣል።