ውሉን በሁለቱም ቋንቋ ማንበብ፦ ሀዋሳ ላይ የውጭ ፖሊሲ ጥናት ለምትሠሩ

ፕሮፖዛል በሚቀርብበት ሰሞን ሀዋሳ ላይ የሚሰሙት የውጭ ፖሊሲ ርእሶች ይቀራረባሉ፤ ዓባይ፣ የባሕር በር፣ የአፍሪካ ቀንድ። ርእስነታቸው አያስነቅፍም። የሚያሳዝነው ሁለተኛው ምዕራፍ ሃያ ገጽ ሙሉ ሪያሊዝምና ሊበራሊዝም የተባሉትን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ንድፈ ሐሳቦች ሲተርክ ቆይቶ፣ ክርክሩ የቆመበት ውል ግን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ሲቀዳ ነው። አማርኛ የሚያነብ ተመራማሪ ትልቁን ሀብቱን የሚጥለው እዚህ ጋ ነው።

የ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውልን እንውሰድ። በመሠረቱ የድንበር ውል ነው፤ የዓባይን ውሃ የሚነካው ሦስተኛው አንቀጽ ነው። ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ሥሩና አማርኛውን በግራ፣ እንግሊዝኛውን በቀኝ ሳታሳጥሩ ገልብጡ። ከዚያ ሦስት ነገር አስምሩ፤ ግዴታ የገባው ማን ነው? የተከለከለው ሥራ ምንድን ነው? የማን ስምምነት ሲገኝ ይፈቀዳል? እንግሊዝኛው የውሃውን ፍሰት ስለሚያቆም ሥራ ይናገራል። አማርኛው ደግሞ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለሚደፍን ሥራ። በአማርኛው ንባብ ቦይ ጠልፎ መስኖ ማውጣት ከክልከላው ውጭ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ በእንግሊዝኛውም ቢሆን ማቆምና መቀነስ አንድ አይደሉም። «ኢትዮጵያ ውሃውን ላለመንካት ፈርማለች» ብሎ ማጠቃለል በሁለቱም ዓምድ የሌለ ቃል መጨመር ነው።

ቀጥላችሁ የውሉን መጨረሻ እዩ፤ የትኛው ቋንቋ እንደሚጸና ብዙ ጊዜ የሚነገረው እዚያ ነው። ከጣሊያን ጋር የተደረገውን የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የማያውቅ የለም፤ አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። 19ኛው ግን የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ ፍጹም የተስማሙ ስለሆኑ ሁለቱም እኩል ይጸናሉ ይላል። ስለዚህ የ«ይቻላቸዋል»ን ነገር የአስተርጓሚ ስሕተት ብቻ አድርጎ ማለፍ አይበቃም፤ የምኒልክን ክርክር ውሉ ራሱ ይደግፈው ነበር። የዓባይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. የ1969ኙን፣ ስለ ውሎች ሕግ የሚደነግገውን የቪየና ስምምነት አንቀጽ 34ም ከጎኑ ያኑር። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ውሃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ አልፈረመችም፤ በአንቀጹ መሠረት ደግሞ ያልተስማማን አገር የሌሎች ውል አያስገድደውም።

ነጋሪት ጋዜጣን ሀዋሳ ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል። አማርኛና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ ልዩነት ሲኖር የሚጸናው አማርኛው ነው። የማጽደቂያ አዋጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አንቀጽ ብቻ ስለሆነ አዋጁን አግኝቶ ውሉን አገኘሁ ማለት አይቻልም።

የቀን አቆጣጠር ብዙ ጥናት ያበላሻል። የአውሮፓውያኑን ዓመት ወደ እኛ ለመመለስ ሁልጊዜ 8 መቀነስ ስሕተት ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ አውሮፓውያኑ ታኅሣሥ መጨረሻ የሚቀነሰው 7 ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ የሰላም ውል፣ የአልጀርስ ስምምነት፣ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 2000፣ በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ነው። 8 ቀንሶ 1992 ያለ ሰው ሰላሙን ከግንቦት 1992ቱ ከባድ ውጊያ በፊት ያስፈርመዋል፤ የምክንያትና ውጤት ትንተናውም አብሮ ይገለበጣል። ሁለቱንም ቀን ጻፉ፤ ዓመቱን ብቻ አትተዉ።

የተባበሩት መንግሥታት ድምፅ ላይ ለምትሠሩ፦ መቅረትና ድምፀ ተአቅቦ የተለያዩ ናቸው። የካቲት 23 ቀን 2014፣ በዓድዋ በዓል ዕለት፣ ጠቅላላ ጉባኤው ስለ ዩክሬን ሲወስን 141 ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 35 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ድምሩ 181 ነው፤ ከ193 የቀሩት 12 አገሮች ድምፅ አልሰጡም፤ ኢትዮጵያ ከእነሱ አንዷ ነበረች። መጋቢት 29 ሩሲያን ከሰብዓዊ መብት ምክር ቤት ለማገድ ድምፅ ሲሰጥ ግን ተቃወመች። መቅረቱን «ተአቅቦ» ብሎ ኮድ የሰጠ ሰው በሁለቱ መካከል የሆነውን ለውጥ አሳስቶ ይለካዋል። አራት ኮድ ይኑራችሁ፤ የቀረችበትን ምክንያት ደግሞ ከቁጥሩ አትገምቱ፤ የመልእክተኛውን ንግግር ፈልጉ።

ወደ አዲስ አበባ መሄድ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። የትብብር ደብዳቤውን ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለየብቻ፣ ማኅተም ያለበት፣ ከተጨማሪ ኮፒ ጋር ያዙ። ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ለስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የምትፈልጉትን ሰነድ ዓመተ ምሕረትና ርእስ አስቀድማችሁ ጻፉ። ባለሥልጣን ስትጠይቁ «ፖሊሲያችን ምንድን ነው?» ብትሉ የምትሰሙት በቴሌቪዥን የተባለውን ነው፤ አንቀጹን አውጥታችሁ «ይህ ቃል ለምን ተመረጠ?» በሉ።

ቃለ መጠይቁን በተነገረበት ቋንቋ ገልብጡ። «የባሕር በር» ያለን ሰው ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱ ወደብ ብላችሁ ከጻፋችሁ ያላለውን አስብላችሁታል፤ በወደብ መገልገል፣ ወደብ መከራየትና የባሕር ጠረፍ ባለቤት መሆን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የትኛውን ማለቱ እንደሆነ እዚያው፣ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁት፤ የአማርኛውን ቃልም በአባሪው ውስጥ እንዳለ አስቀምጡ።