ሰማይን ስቶ የማያውቅ ጠመንጃ

አገር ቤት ሳለሁ ክላሽ ሲስት አይቼ አላውቅም። ሰርግ ላይ ተተኮሰ፣ ሰማዩን መታ። ለቅሶ ላይ ተተኮሰ፣ አሁንም ሰማዩን መታ። (ተመልሶ የሚወርደው ጥይት ሰው ላይ ማረፉ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ አያስቅም።) ስለዚህ እዚህ ቨርጂኒያ የኢላማ ተኩስ ልጀምር ስነሳ ብዙ አላሰብኩም። ከልጅነቴ የማውቀውን ገዛሁ። ሮማኒያ ሠራሽ ክላሽ፣ አንድ በአንድ ብቻ የሚተኩስ።

መተኮሻ ቦታው ስደርስ ገና ከቦርሳው ሳላወጣው ሙድ ያዙብኝ። አንዱ ሽማግሌ ፈረንጅ ጠመንጃውን አየት አደረገና "ከዚህ መደበቅ የፈለገ ሰው ኢላማው ላይ ይቀመጥ" አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ተኮስኩ። ርቀቱ 100 ያርድ ነው፣ ወደ 91 ሜትር። 20 ጥይት ጨረስኩና ወረቀቱን ላመጣ ሄድኩ። ሁለት ቀዳዳ። አንዱ ጥጉ ላይ ነው፤ እሱንም ስቴፕለሩ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠርጥሬ ነበር። የቀሩት የት እንደገቡ ከኋላ ያለው የአፈር ክምር ያውቃል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ "እንዴት ነበር?" አለችኝ። "ጠመንጃው እኮ የታወቀ ነው፣ አይመታም" አልኳት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

እውነት ለመናገር ክላሽ አይመታም መባሉ ከሜዳ አልመጣም። ክላሽን የነደፈው ሚካኤል ካላሽኒኮቭ የታንክ አዛዥ ነበር። በ1941 ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ ነው መሣሪያ መንደፍ ያማረው። በ1949 የሶቪየት ጦር የተቀበለው ጠመንጃ ጭቃ ውስጥ ወድቆ፣ በረዶ ላይ አድሮ፣ ብዙ ባልሠለጠነ ልጅ እጅ እንዲተኩስ የታሰበ ነው። ሳንቲም እንዲመታ ማንም አላዘዘውም። ጥይቱ ሲፈነዳ ጋዙ ከአፈሙዙ በላይ ያለውን ከባድ ብረት ወደ ኋላ ይገፋል። ያ ብረት ሄዶ ይላተማል፣ ተመልሶም ይላተማል። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያው መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 378 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስንዝር ተኩል በሉት። እዚያች ላይ በፀጉር የምታክል ብትሳሳት ኢላማው ላይ ስህተቱ ያብጣል።

የሶቪየት ጦር መመሪያ ራሱ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ በ100 ሜትር 4 ጥይት ተኩስ፤ ቢያንስ 3ቱ 15 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ካረፉ ጠመንጃው ደህና ነው። 15 ሴንቲሜትር ማለት የማኪያቶ ስኒ ማስቀመጫ ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ከዚያ የእኔ ጥይቶች የስኒ ማስቀመጫ አይደለም፣ ሞሰብም እንዳልነኩ ትዝ አለኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ የፍሪጅ ካርቶን ይዤ ሄድኩ። ሳቁብኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። ጀማሪ ከሆናችሁ ይህን አድርጉ፤ ጥይቱ የት እንደሄደ ሳታውቁ ምንም አታስተካክሉም። ካርቶኑን ከወረቀቱ ኋላ ለጠፍኩትና ተኮስኩ። ጥይቶቼ ሁሉ እዚያው አሉ! ከመሐሉ ሩብ ሜትር ያህል ከፍ ብለው፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘመም ብለው ተሰብስበዋል።

ከፍ ያሉበት ምክንያት አሳፋሪ ነው። የኋላ ማነጣጠሪያው ላይ ከቁጥሮቹ ሌላ "ፒ" የሚል ፊደል አለ። እኔ "ፒ" ዜሮ መስሎኝ እዚያ ላይ ትቼው ነበር። እሱ ለካ ለ300 ሜትር ገደማ የተሠራ የውጊያ ልክ ነው። ወታደሩ ርቀት ሳይቆጥር የጠላትን ወገብ አይቶ እንዲተኩስ። በ100 ሜትር ላይ ጥይቱን 25 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። ወደ 1 መለስኩት። ወረደ። ለሳምንት ሙሉ ስም ያጠፋሁበት ጠመንጃ የተባለውን ቦታ በትክክል ሲመታ ነው የከረመው።

ወደ ቀኝ የሚሄደው ቀረ። መግፊያ መሣሪያ ገዛሁና የፊት ማነጣጠሪያውን ወደ ግራ ገፋሁ፣ አንድ ሚሊሜትር ያህል። ጥይቱ ወደ ግራ እንዲመጣ ፈልጌ ነው፤ ያልኩት ሎጂክ ነው፣ አይደለም? አይደለም። የፊት ማነጣጠሪያ የሚገፋው ወደ ስህተቱ ነው። ጥይት ወደ ቀኝ ከሄደ እሱም ወደ ቀኝ። በክላሽ አንድ ሚሊሜትር በ100 ሜትር ላይ 26 ሴንቲሜትር ነው። እኔ ስህተቱን አባስኩት።

አጠገቤ ያለው ሰውዬ አምስት ጥይት ተኩሶ ኢላማውን ሊያመጣ ሄደ። ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ስድስት ቀዳዳ። ቀስ ብሎ ዞር አለና አየኝ። እኔ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

ከዚህ በኋላ ነው ጋሼን የለመንኩት። ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው፣ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበሩ። ክላሹን ተቀብለው አቀባበሉ፣ ጥይት የሚገባበትን ጎራሹን አዩ፣ አሸተቱት። "ስንት ጊዜህ ነው?" "አራተኛዬ ነው፣ ጋሼ። ጠመንጃው ግን..." "እሱን ተወው። ጥይቱን እኔ ላጉርስልህ፣ ዞር በል።"

ዞርኩ። ለልምምድ የገዛኋት የፕላስቲክ የውሸት ጥይት ጠረጴዛው ላይ እንደነበረች ረስቻለሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ አነጣጠርኩ፣ ተኮስኩ። ዷ! ሁለተኛ፣ ዷ! ሦስተኛው ላይ ምላጩን ስስብ ቀጭ ብሎ ቀረ። አፈሙዙ ግን መስቀል ሊሳለም እንደጎነበሰ ሰው ወደ ታች እጥፍ አለ።

ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ "ጠመንጃው አልተኮሰም። ታዲያ ማን ነቀነቀው?" አሉኝ።

ድምፁን ፈርቼ፣ ከመተኮሱ በፊት በትከሻዬ እየገፋሁት ነበር። አራት ቅዳሜ ሙሉ! "ምላጩን አትንጠቀው። ሎሚ እንደምትጨምቅ፣ ቀስ። ሲተኩስ አንተንም ሊያስደነግጥህ ይገባል" አሉኝ። ራሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡና አምስት ተኮሱ። አምስቱንም ቀዳዳ በመዳፌ ሸፈንኩት።

አሁን ማታ ማታ ቤት እለማመዳለሁ። ጥይት ሌላ ክፍል ተቆልፎበት፣ ጎራሹ ሁለት ጊዜ ታይቶ፣ ጋሼ እንዳሉኝ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጬ ምላጭ እስባለሁ። ሳንቲሙ ካልወደቀ ጎበዝ። የመጀመሪያው ማታ 20 ጊዜ ሞክሬ 17 ጊዜ ወደቀ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት "ግድግዳው እጅ ሰጠ?" አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት የወደቀው 4 ጊዜ ነው።

ማነጣጠሪያውን ወደ ቀኝ መልሼ ባለፈው ቅዳሜ አምስት ተኮስኩ፤ 14 ሴንቲሜትር። የመመሪያውን ክብ ገባሁበት፣ ለጥቂት። ያ ሽማግሌ ፈረንጅ በመነጽር ማነጣጠሪያው በዚያው ርቀት ሳንቲም ይመታል። እኔ ስኒ ማስቀመጫ ነው የምመታው። ክላሽ ከእሱ ጠመንጃ ጋር አይወዳደርም፣ ይህ ሐሜት አይደለም። ግን ከእኔ ይሻል ነበር፣ አሁንም ትንሽ ይሻላል።

ያንን ስድስት ቀዳዳ የቆጠረውን ሰውዬም አገኘሁት። በትህትና ሰላም አለኝ፣ ቦርሳውን አነሳና ሦስት ጠረጴዛ ርቆ ተቀመጠ።